ሶሊ የጮኸችለት ልጅ

የወደቡ ጫኝ ከቢር ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ናይል ውስጥ ዘሎ ሲገባ፣ ናሁሰናይ መኪናው ውስጥ ሆኖ መቅረጹን ቀጠለ።

ቦታው የጁባ ወደብ ነው። ተዋናይዋ ሶሊ ውሃው ዳር ተንበርክካ "ልጄን! ልጄን ወሰደብኝ!" እያለች ጮኻ ነበር። የፊልሙ የመጨረሻ ትዕይንት ይህ ነው። ናሁሰናይ ለሆቴል ዕቃ እየገዛ ይኖራል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ሲቀርጽ ኖሯል፤ ዓርብ ደግሞ የአዲስ አበባው የፊልም ውድድር ምዝገባ ይዘጋል።

ስለ ታላላቅ ዳይሬክተሮች መቼም ያላነበበው የለም። "እውነተኛ ድንጋጤ የሚገኘው ካልተነገረው ሰው ነው" እያለ የሆቴሉን አስተናጋጆች፣ ሶሊንም ጭምር፣ አሰልችቷቸዋል። እናም ለወደቡ ጫኞች ሳይነግር ቀረ። ደንግጠው ያያሉ ብሎ ነው እንጂ ይዘላሉ ብሎ መች አሰበ! ይህን የሚያህል ነገር እንዴት እንደጠፋው እሱ ይወቅ።

"ወርቅ ነው፣ ናሁ" አለ መሪውን የያዘው ጓደኛው ናቲ። "እንዲህ ዓይነት ትዕይንት በሕይወትህ አታገኝም።"

"ሰውየው አልወጣም፣ ናቲ።"

"ይወጣል። ዋናተኛ ነው።"

ሶሊ ተነስታ በአረብኛም በአማርኛም "ልጅ የለም፣ ፊልም ነው!" ትላለች። ሻይ ሻጮቹ ሐዘኑ አእምሮዋን የነካው መስሏቸው "ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ አይዞሽ" እያሉ አቅፈው ያዟት።

በመጨረሻ የከቢር ራስ ብቅ አለ። በእጁ የተቀዳደደ ጆንያ ይዟል።

"ልብሱን የያዝኩ መስሎኝ ነበር" አለ እያሳለ፣ ጋምቤላ ሲያድግ በለመደው አማርኛ። "እህቴ፣ ልጁ ምን ለብሷል?"

"ልጅ የለኝም፣ ወንድሜ! በእናትህ ውጣ!"

"አይዞሽ። ሳላገኘው አልሄድም።"

ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ናሁሰናይ ዕቃ ሊወስድ በመጣ ቁጥር "እንዴት ዋልክ፣ ጌታዬ?" የሚለው ያ ሰው ነው።

ናቲ ሞተሩን አስነሳ። "እንሂድ። የመቅረጫ ፈቃድ የለንም። ወታደሮቹ ካሜራውን ካዩት ይወስዱታል፤ ፊልሙም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ሰዎቹ ሲደክማቸው ፍለጋውን ይተዉታል።"

"ከቢርስ?"

ናቲ ማርሽ አስገባ።

ናሁሰናይ ባዶ እጁን ወርዶ ቢናገር ማን ያምነዋል? ሶሊን መች አመኗት። ከቢር ወደ ውስጥ ሊጠልቅ አየር ሲስብ አየው። ፈራ፤ የሦስት ዓመቱ እሁድ ሁሉ አሳዘነው።

በሩን ከፈተና ካሜራውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንስቶ፣ የወደቡ በር ላይ የተቀመጠው ወታደር ሳይቀር እንዲያየው አድርጎ፣ ወደ ውሃው ሄደ።

"ከቢር፣ ውጣ" አለ። "ካሜራው ይኸው። ያስጮህኳት እኔ ነኝ።"

ወታደሩ ከወንበሩ ተነሳ። ናሁሰናይ ካሜራውን አላወረደም።