የስፔኑ ደቦ

«ሸዋጌጥ፣ ከጓዳ የሚሰማው የጊታር ክር ነው ወይስ የኔ ጆሮ ነው?»

በዛብሽ ይህን የጠየቀችው ድንኳን ሙሉ ለቀስተኛ በተቀመጠበት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ምን ዋጋ አለው፤ የሟች እህት ስታንሾካሹክ የባኬ ጃማ ሰፈር በሙሉ ይሰማል። ንፍሮ የሚዘግኑት ሴቶች እጃቸውን ሰበሰቡ። በአማርኛ «እግዜር ያጽናሽ»፣ በኦሮምኛ «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» እያሉ የሚገቡትም በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ክር ነው» አለች ሸዋጌጥ። ባሏን ወልደዮሐንስን ትናንት ቀብራ የመጣች ሴት ናት። ነጠላዋን አጥብቃ ተነሣችና ወደ ጓዳ ገባች።

ልጇ ሐረግወይን፣ ጫማ ሰፊው ታፋና አስተማሪው ደረሳ እህል በተሞሉ ጆንያዎች መሃል ጊታር ታቅፈው ተቀምጠዋል። አራተኛው ጊታር ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ድምፁ እንዳይወጣ ክሩ ስር ጨርቅ ወሽቀዋል። ሲያዩዋት ሁሉም ጊታሩን ከኋላው ሊሸሽግ ሞከረ፤ ጊታር ደግሞ የሚሸሸግ ዕቃ አይደለም።

«እማዬ፣ አትቆጪን» አለች ሐረግወይን። «የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ነመራ ጠዋት ሊያጽናናሽ ሲመጣ ነግሮናል። የኪነት ውድድሩ ቅዳሜ ነው። ካልቀረብን ጊታሮቹ ለሌላ ቀበሌ ይሰጣሉ። የአባዬም ጭምር፤ እሱም በቀበሌው ስም ተመዝግቧል። ውሳኔው ከበላይ ነው ብሎ አንገቱን ደፋ።»

«ታዲያ ቅረቧ።»

«አልሆነልንም፣ አዴ» አለ ታፋ። «የኦቦ ወልደዮሐንስ ድርሻ ትንሽ ነበረች። ሁለት ወፍራም ክር፣ በቃ። ያለ እሷ ግን እግራችን መሬት አይረግጥም።»

እስኪ ይህን ሰውዬ እናስተዋውቅ። ወልደዮሐንስ የሆስፒታሉ አምቡላንስ ሾፌር ነበር። አባቱ ከሸዋ መጥተው ነቀምቴ የቀሩ፣ እሱ ግን በኦሮምኛ የሚቀልድ፣ በኦሮምኛ የሚሳደብ የወለጋ ልጅ። ከአብዮቱ በኋላ ኩባዊ ሐኪም ሆስፒታሉ ተመደበና እሱ ጋ ተቀመጠ፤ ማለቴ አምቡላንሱ ውስጥ፣ ከጎኑ። ሐኪሙ ጊታር ይጫወታል። ከሁሉ የሚወደው የስፔን ዳንስ ነበር። «ዱሮ ለፒያኖ የተጻፈ ነው፤ ሀገሩን ያገኘው ግን ጊታር ላይ ሲመጣ ነው» ይል ነበር። ወልደዮሐንስ ኖታ አያውቅም። ጣቱን እያየ፣ በጆሮው እየያዘ ተማረው። ሐኪሙ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ጊታሩን ትቶለት ሄደ።

ከዚያ የጊምቢ መንገድ ላይ ጎማ ሲቀይር ክሪኩ ተንሸራተተና የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት። አንድ ክረምት ሙሉ ጊታሩን ቀና ብሎ አላየውም። በበጋው ከጊምቢ ሲመለስ ገበሬዎች ተሰልፈው በደቦ ጤፍ ሲያጭዱ አየ። አምቡላንሱን አቁሞ ሲያያቸው ቆየ፤ ደግነቱ በሽተኛ አልጫነም። ቤት እንደገባ፣ «ሸዋጌጥ፣ ብቻዬን ካልቻልኩ ደቦ እጠራለኋ» አላት።

«ለምኑ?»

«ለስፔኑ።»

ያንን ዳንስ ለአራት ጊታር አከፋፈለው። ዜማውን ለልጁ፣ መሃሉን ለታፋና ለደረሳ፣ ሥሩን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ለራሱ። ለእያንዳንዱ ለብቻ እያዜመ አስተማረ፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። የቀበሌው የኪነት ኮሚቴም «ከኩባ የመጣ ነው» ሲባል ወዲያው አጸደቀው። ስለ ስፔን የጠየቀ የለም፤ እነሱም አልተናገሩም።

«እስኪ ምቱት» አለች ሸዋጌጥ።

ሞከሩ። ዜማው መውጣት ሲጀምር ታፋ ቀደመ፣ ደረሳ ዘገየ፣ ሐረግወይን መግቢያው ጠፋት። ሁለተኛም እንደዚያው ሆነ። ልጅቷ ጊታሯን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች፤ ከቀብሩም የባሰ ለቅሶ ነበር።

ሸዋጌጥ ግን የምትሰማው የጎደለውን ነበር። ያቺን ድርሻ ታውቃታለች፤ መጀመሪያ የእሷ ነበረች። ደቦው ገና ሳይሰበሰብ፣ ወልደዮሐንስ እንደገና መሞከር ሲጀምር፣ በግራው ያስቀምጣት ነበር። እሱ በቀኙ ይመታል፣ የማይደርስበትን ወፍራም ክር እሷ ትጫንለታለች። የጎደሉት ጣቶቹ እሷ ነበረች። በኋላም ጊታሩን ጭኗ ላይ አድርጎ ብቻዋን እያስመታ እሱ ዜማውን በአፉ ይለዋል። ቀበሌው ሦስት ጊታር ገዝቶ መድረክ ሲመጣ፣ «ነይ እንግዲህ» አላት። «የሰው ሚስት ጊታር ታቅፋ? ሰው ምን ይለኛል!» ብላ እንቢ አለች። ፊቱ ጠቆረ፤ ቆይቶ ግን ሳቅ አለና፣ «እንግዲያው እስክትመጪ ቦታሽን እኔ እይዝልሻለሁ» አላት። በቀሩት ጣቶቹ እየታገለ እስከ ሞቱ ያዘላት።

«ያንን ጊታር አቀብለኝ» አለችው ደረሳን። የተወሸቀውን ጨርቅ ከክሩ ስር መዝዛ ጣለችና መታች።

ከዚያ ታፋ ገባ፣ ደረሳ ተከተለ፣ ሐረግወይን እንባዋን በትከሻዋ ጠርጋ ዜማውን አነሣች። ያ የሚሰበርበት ቦታ መጣና አለፈ።

በሩ ተበረገደ። በዛብሽ የእድሩን ዳኛ ጋሽ አበጋዝን አስከትላ ቆማለች።

«ሸዋጌጥ» አሉ ባለሱቁ ጋሽ አበጋዝ፣ «ልቅሶ ቤት እንኳን ጊታር ሬዲዮም አይከፈትም። ይህን የምታውቂው ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ከዚህ በኋላ ልምምዱ ታፋ ሱቅ ነው። ቅዳሜ ግን አዳራሽ እወጣለሁ።»

«በጥቁር ልብስሽ?» አለች በዛብሽ። «የወንድሜ አፈሩ ሳይደርቅ?»

«በጥቁር ልብሴ። ሌላ ምን እለብሳለሁ?»

«ሰውስ ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። አንድ ጊዜ ሰውን ሰምቼ ባሌን አሳዝኜዋለሁ፤ ደግሜ አላደርገውም። ለቅሶው የትም አይሄድብኝም በዛብሽ፣ ዕድሜ ልኬን አለቅሰዋለሁ። ይሄ ግን ቅዳሜ ካለፈ አለቀ። እነዚህ ልጆች ሦስት ቁራጭ ይዘው ይቀራሉ። ወንድምሽን መልሼ አልቀብረውም።»

ጋሽ አበጋዝ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «የቀበሌ አዳራሽ ላይ እድሩ ሥልጣን የለውም» አሉ። «ድንኳኑ ግን ሐዘንተኛ አይጣ።»

«በዛብሽ አለች። ለቅሶውን ከእኔ የበለጠ ታውቅበታለች።»

በዛብሽ በልቅሶ ቤት ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ነጠላዋን አፏ ላይ ጎትታ ወጣች።

ቅዳሜ ከፍራሹ ላይ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። «ባለቤቱስ?» ላላት ሁሉ፣ «አደራ ልታደርስ ሄዳለች» ትል ነበር።

ሸዋጌጥ በጥቁር ልብሷ መድረክ ስትወጣ አዳራሹ አጉረመረመ። ከፊት የተቀመጡ ሴቶች አፋቸውን ያዙ። ጓድ ነመራ ስማቸውን አንብቦ ቶሎ ወረደ። እሷ ማንንም አላየችም። ተቀመጠች፣ ጊታሩን አስተካከለች፣ ልጆቹን አየቻቸውና ጀመረች።

ሥሩ ከበድ ብሎ ወጣ። ታፋና ደረሳ ገቡበት። ሐረግወይን መጀመሪያ ላይ መግቢያው አመለጣት፤ እናቷ ያንኑ ምት እየደጋገመች እስክትረጋ ጠበቀቻት። ከዚያ ልጅቷ ዜማውን ይዛው ወጣች፤ ከፊት ያሉት ሴቶች እጃቸውን ከአፋቸው አወረዱ። ያ በተረከዝ ወለል የሚደበደብበት የሰው ሀገር ዳንስ ነቀምቴ ላይ ዳር እስከ ዳር ተሰማ።

ማብቂያው ላይ አራቱም ክራቸውን በመዳፍ ማፈን አለባቸው። ወልደዮሐንስ ያስተማራቸው እንደዚያ ነው። ሦስቱ አፈኑ። ሸዋጌጥም እጇን አነሣች፤ ክሩ ላይ ማሳረፍ ግን አልቻለችም። መዳፏን ከክሩ በላይ እንደያዘች፣ ድምፁ በራሱ ጊዜ እስኪያልቅ ጠበቀችው።