ሊፍት ሠሪው ደረጃ ሲወጣ

"እረፍ!" አለች በስልኩ ውስጥ ያለችው ልጅ።

ቀጭኑ አላረፈም። ቁና ቁና እየተነፈሰ ወደሚቀጥለው ፎቅ ተፈተለከ። ቀጭኑ የተባለው ድሮ፣ ሥራ ሲጀምር ነው፤ ያኔ እውነትም እንደ ሽቦ የቀጠነ ልጅ ነበር። ሆዱ ከወጣ በኋላም ስሙን የሚነጥቀው አልተገኘም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሊፍት ሲጠግን ኖሮ አሁን በጠዋት በደረጃ መሮጡ ለጎረቤት ጥሩ ሳቅ ሆኗል።

"ምነው፣ የኛን ሊፍት መጠገን አቃተህ?" አለችው የታችኛዋ ጎረቤት ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ።

እጁን አውለብልቦላት ሽቅብ ቀጠለ።

ነገሩ የጀመረው ከማሽኑ ክፍል ወደ ሊፍቱ ጉድጓድ በምታስገባው ጠባብ የብረት መግቢያ ላይ ተሰንቅሮ የቀረ ዕለት ነው። ባልደረባው፣ ሁሉም "ጋሼ" የሚሏቸው አንጋፋ ሠራተኛ፣ እጁን ይዘው እንደ ቡሽ ነቀሉት። አለቃው ሲሰማ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወና "እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀነስክ ቢሮ ገብተህ ስልክ ታነሳለህ" አለው። ስልክ ማንሳት! መቀመጫው ለአፍታ መሬት የማይነካ ሰው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጣብቆ "ሃሎ" ሲል ታየው።

የእህቱ ልጅ የስፖርት አሠልጣኝ ናት። ስብ ለመቀነስ ኢንተርቫል የሚባለው እንደሚያዋጣው ነግራ ለሠልጣኞቿ የቀዳችውን ድምፅ ላከችለት። "ሩጥ" ሲባል ባለ በሌለ ኃይል መሮጥ፣ "እረፍ" ሲባል ቀስ ብሎ እየተራመዱ መተንፈስ፣ ከዚያ እንደገና መሮጥ ነው። ቀጭኑ የመጀመሪያውን ወደደው። ሁለተኛው ግን እናቱ ጆሮውን ቆንጥጣ "እረፍ!" ስትለው ያደገበት ቃል ስለሆነ ሥልጠና ሳይሆን ቁጣ መሰለው። ደግሞስ በእረፍት የሚቀልጥ ስብ የት አለ? ቶሎ ለመክሳት ብሎ እረፍቱን ሁሉ በሩጫ ሞላው፤ አንድም ቀን ሳይዘል።

ቤት ሲገባ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሚስቱ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አለችና ስልኳን አቀበለችው። "እንካ፣ ልጅቷ ናት። ነግሬብሃለሁ።"

"አጎቴ፣ እውነት ሳታርፍ ነው የምትሮጠው?"

"እኔን 'እረፍ' የምትይኝ አንቺ ማነሽ? ለአጎት 'ይረፉ' አይባልም?"

"'ይረፉ' ብልህማ የምቀብርህ ይመስላል!" ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። "ስማኝ። ካላረፍክ ቀጣዩን በሙሉ ኃይልህ አትሮጥም፣ ትንፏቀቃለህ እንጂ። በየቀኑም አይሠራም፤ ሰውነትህ መጠገኛ ጊዜ ይፈልጋል። አንተስ ሊፍቱ እየወጣ እየወረደ ነው እንዴ የምትጠግነው?"

"አቁሜ ነው እንጂ።"

"ታዲያስ!"

ሳይመልስላት የራሱ ስልክ ጮኸ። ያን ዕለት በተሰነቀረበት የቢሮ ሕንፃ ውስጥ አንዲት ሴት በሁለት ፎቆች መካከል ሊፍት ውስጥ ቀርታለች።

ከጋሼ ጋር የማሽኑ ክፍል ገብተው ኃይሉን አጠፉ። ቀጭኑ የደኅንነት ቀበቶውን ታጠቀ፣ ሆዱን ዋጥ አደረገና እግሩን በመግቢያዋ ሰደደ። አለፈ! ብረቱ ሸሚዙን እንኳ አልያዘውም። የምሥራቹን ሊናገር አፉን ሲከፍት ግራ እግሩ መሰላሉ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀኙ ተከተለው። ከሥሩ ጨለማው ጉድጓድ ነው። ፈራ፤ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

"ጋሼ፣ ይጎትቱኝ" አለ።

"ደግሞ ተሰነቀርክ?"

"አልተሰነቀርኩም። እግሬ አልሸከም አለኝ።"

ጋሼ ስበው አወጡትና ቀበቶውን ተቀበሉት። "በል ውረድና ሴትየዋን አጫውታት። አለቃ ከጠየቀህ 'እኔ ነኝ የገባሁት' በለው፤ እኔ እንደሆን ትንፍሽ አልልም።"

ግድግዳ ተደግፎ ወረደና በተዘጋው በር ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ማን አለ? ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትሄድ!" አለች ሴትየዋ ከውስጥ።

መሄድማ አምሮታል። ጋሼ የት ደረሱ ብሎ ሽቅብ ቢሮጥ፣ ቢያንስ ኮሪደሩን ሽር ቢል በወደደ። እግሩ እምቢ አለውና በሩን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

"አይዞሽ እህቴ፣ እዚሁ ነኝ። ኮሽታ ከሰማሽ ባልደረባዬ ናቸው፣ ከላይ እየሠሩ ነው።"

ወዲያው አለቃው ደወለ።

"እህሳ፣ በዚያች መግቢያ አለፍክ?"

ከላይ የጋሼ መዶሻ ብረት ሲመታ ይሰማል። ማለፉንማ አልፏል፤ "አዎ" ቢል ውሸት እንኳ አይባልም። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"አልፌ ነበር" አለ። "ግን እግሬ ከዳኝና ተመለስኩ። የገቡት ጋሼ ናቸው። ለነገም ሌላ ሰው ይመድቡ፣ እግሬ እስኪያርፍ እኔ ጉድጓድ አልገባም።"

ቀጭኑ የአለቃውን መልስ ሳይጠብቅ ስልኩን ዘጋና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

"እሺ እህቴ" አለ፣ "ስንተኛ ፎቅ ነው የምትሠሪው?"