ፌንጣ ሳትዘጋው የሄደችው ኮምፒውተር

«እጅህን አንሣ ብያለሁ!»

የጥልፍ ሠሪዋ ወንድም ወደ ኮምፒውተሩ የዘረጋውን ጣት ሰበሰበ። ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ግድግዳውን ተከትለው የተቀመጡት ጎረቤቶች ወሬያቸውን አቋረጡ።

«እታለም፣ ልዝጋልሽ ብዬ እኮ ነው። ከዛን ቀን ጀምሮ እንደበራ ነው። ስክሪኑ ላይም ምንም የለ፤ ያቺ ክብ ነገር ብቻ ናት የምትዞረው።»

«ትዙራ! እሷ ናት ያበራችው። እሷ ያበራችውን ማንም አይዘጋውም።»

ወንድሟ «ምን ላድርጋት?» በሚል ዓይን ጎረቤቶቹን አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

ክፍሉ ሳሎንም ነው፣ የጥልፍ መሥሪያም ነው። ባለ ኮምፒውተሩ የጥልፍ መኪና አንሶላ ለብሶ ጥግ ይዟል። የክር መደርደሪያው ወደ ጓዳ ገብቶ በቦታው ከየቤቱ የተለመኑ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ አንዱ ከፍ ያለ፣ አንዱ ዝቅ ያለ፣ አንዱ የሚንገዳገድ። ማንም ያልተቀመጠበት አንድ ወንበር ነበር፤ በመስኮቱ በኩል፣ ከኮምፒውተሩ ፊት ያለው።

ከጎረቤቶቹ ባለ ሱቋ ወደ ሾፌሩ ሚስት ጆሮ ጠጋ አለች። «እንባ እንኳ ጠብ አላላትም እኮ። ልጇን ቀብራ መጥታ ዕቃ ትጠብቃለች።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

«የቀበርኩት ልጄን ነው» አለች ጥልፍ ሠሪዋ ፊቷን ሳታዞር፤ «ጆሮዬን አልቀበርኩም።»

ባለ ሱቋ የሻይ ብርጭቆዋን አፏ ላይ ደፋች።

ልጅቱን ሰፈሩ ሁሉ ፌንጣ ነበር የሚላት። ወንበር ላይ እንደ ሰው መቀመጥ አታውቅም። ጉልበቷን እስከ አገጯ ትሰበስብና አንዴ ኮምፒውተሩን፣ አንዴ መስኮቱን እያየች ትውላለች፤ ደንበኛ ሲገባ ከዛው ተስፈንጥራ ትነሣለች። ደረጃ ሁለት ሁለቱን ነበር የምትወጣው።

«ይሄ ነገር ዛሬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጎተተው?» አለች ያን ቀን ጠዋት፣ ሥራዋን ልትከፍት ብላ።

እናቷ ክር እየመረጠች ነበር። «አንቺስ መቼ ቶሎ ተነሥተሽ ታውቂያለሽ? ባለቤቱን መስሎ ነው» አለቻት።

ከዛ «እማ» የሚል ድምፅ ሰማች። ዞር ስትል ወንበሩ ባዶ ነው። ልጅቱ ከወንበሩ ሥር ነበረች።

ልቧ ነው ተባለ። ስትወለድ ጀምሮ የነበረ ነገር ነው፤ ምልክት አያሳይም፤ እስከዛች ቀን ድረስ ማንም ሊያውቀው አይችልም። ሐኪሙ ይሄን ሁሉ ያላት መሬት መሬት እያየ ነው።

ያን ጠዋት ልትከፍተው የነበረውን የጥልፍ ሥራ እናቷ አይታው አታውቅም። ወራት ፈጅታበታለች። «የማን ትእዛዝ ነው?» ስትላት «የማንም። ይሄ አይሸጥም» ትላለች። «እስቲ አሳዪኝ» ስትላት ስክሪኑ ላይ ተደፍታ ትሸፍነዋለች። «ሲያልቅ ታዪዋለሽ። አንቺ ገና አንድ መስመር ስታዪ ነው ስድብ የምትጀምሪው።»

እውነቷን ነው፤ ትሰድባት ነበር። አሁን ግን እናትየው ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ነገር ቢኖር እሱን ሥራ ማየት ብቻ ነው። ክቧ ስትዞር፣ ስትዞር፣ የሆነ ሰዓት ላይ ትከፍተዋለች ብላ ነው ተቀምጣ የምትጠብቀው። ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር «አብዳለች» ይሏታል፤ ለነገሩ አሁንም እያሉ ነው።

ከሰዓት በኋላ ብሎን መጣ። መንገዱ ጥግ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የፌንጣ ጓደኛ ነው። ሲሠራ ብሎን በከንፈሩ ይዞ ስለሆነ ስሙ እንደዛ ሆኖ ቀረ። ዓይኑ አብጧል። ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ጥልፍ ሠሪዋ ክንዱን ያዘችው።

«አትቀመጥ። ታለቅሳለህ፣ ማን ይከለክልሃል፤ በኋላ ታለቅሳለህ። መጀመሪያ ይሄን እይልኝ።»

ብሎን ጎንበስ ብሎ ሳጥኑ ላይ ጆሮውን አደረገ። ከውስጥ ንፋስ የሚነፋው ማራገቢያ ይሰማል፤ ከሱ ሥር ደግሞ ቀጭን፣ የሚደጋገም፣ ጥፍር ጣውላ ሲጭር የሚመስል ድምፅ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የበራው፣ እትዬ?»

«እሷ ካበራችው ጀምሮ።»

ጆሮውን ከሳጥኑ አነሣ። «ሃርድ ዲስኩ ባድ ሴክተር አውጥቷል።»

«በሰው ቋንቋ ንገረኝ።»

«ሥራዋ የተቀመጠበት ዲስክ ላይ የማይነበቡ ቦታዎች አሉ። ብል የበላው ጨርቅ በሉት። ኮምፒውተሩ ሥራዋን ሊከፍት ሲሄድ የተበላው ቦታ ላይ ይደርስና አልነበብ ይለዋል። እንደገና ይሞክራል። አሁንም እምቢ ይለዋል። ይሄን ሁሉ ቀን ሲሞክር ነው የቆየው። በሞከረ ቁጥር ደግሞ ቀዳዳው ይሰፋል።»

«ምን ማለትህ ነው?» አለ ወንድሟ ከተቀመጠበት ተነሥቶ። «አዲስ ዕቃ እኮ ነው! አብሬያት ሄጄ ነው የገዛችው። አሮጌው አያስተማምንም ብላ ያላትን ሁሉ ወደዚህ ገልብጣ፣ አሮጌውን አጥፍታ ለሰው ሰጠችው።»

«አዲስም ይበላሻል። ሲሠራ ጀምሮ አብሮት የነበረ ሊሆን ይችላል። እዛች ቦታ ላይ እስኪደርስ ድረስ ምልክት አያሳይም።»

ጥልፍ ሠሪዋ ቀና ብላ አየችው። ብሎንም መሬት መሬት እያየ ነበር።

«ዋስትና አለዋ!» አለ ወንድሟ፣ መላ እንዳገኘ ሰው እጁን አጨብጭቦ። «ወረቀቱ እኔ ጋ ነው። ወስደን እንወረውርላቸዋለን፣ አዲስ ይሰጡናል። አለቀ።»

«ይሄንንስ?»

«ይሄንንማ ያስቀሩታል። የተበላሸ ምን ያደርግልሻል?»

«አዲሱንስ ምን ላድርገው?»

ወንድሟ የተነሣበት ወንበር ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እትዬ» አለ ብሎን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ማዳን ከተፈለገ ኮምፒውተሩ መዘጋት አለበት። አሁን። ዲስኩን አውጥቼ እወስደውና የሚነበበውን በቀስታ እገለብጣለሁ፤ የታመመውን ቦታ እየዘለልኩ።»

«ባይዘጋስ?»

«የቀረውም ይሄዳል።»

ጥልፍ ሠሪዋ የልጇን ባዶ ወንበር ስባ ተቀመጠችበት። ለረጅም ሰው የተስተካከለ ነበርና እግሯ መሬት አልደርስ አላት።

የጥልፍ መኪናው መጀመሪያ የመጣ ጊዜም ኮምፒውተር አልነካም ብላ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመች ሴት ናት፤ መርፌ ግን ከዛ በፊት ነው የጀመረችው። «በእጅ የማይሠራ ጥልፍ፣ ጥልፍ አይባልም» ብላ ከልጇ ጋር ስትነታረክ ከረመች። አንድ ቀን ግን ልጅቱ ገበያ ስትወጣ ማንም አያየኝም ብላ ቁልፉን ተጫነችው። መኪናው ላዩ ላይ የተወጠረውን የጠረጴዛ ልብስ ከነእጅጌዋ አብሮ መጥለፍ ጀመረ። ፌንጣ ስትመለስ እናቷ ከጠረጴዛ ልብስ ጋር ተሰፍታ፣ ተኮሳትራ ቆማለች።

«እማ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ስጠልፍ ኖሬ፣ ዛሬ እኔው ተጠለፍኩ።»

ልጅቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። መፍታቱንም ረሳችው። ሁለቱ ሲሳሳቁ ደንበኛ ገብቶ፣ ግራ ገብቶት ወጣ።

«እንዴት ነው የሚዘጋው?» አለች አሁን ብሎንን።

«ይቺን ይጫኑና እስኪጠፋ ድረስ ይያዙት።»

ጣቷን አሳረፈች። ተጫነችው። ክቧ መዞሯን አቆመች፤ ስክሪኑ ጠቆረ። ከዛ ንፋሱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቀጥ አለ። ያ ድምፅ ቤቱን ምን ያህል ሞልቶት እንደነበር የታወቀው ያኔ ነው። ጭር አለ። ጥልፍ ሠሪዋ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አላነሣችም።

«እንዲህ ነው?» አለች። «ይሄው ነው በቃ?»

የመጀመሪያው እሪታ የወጣት ያኔ ነው። ዘልላ የያዘቻት ባለ ሱቋ ነበረች፤ ራሷን ደረቷ ላይ አድርጋ «አልቅሺ የኔ እናት፣ አልቅሺ፣ እሰይ» ስትላት የሷም እንባ ይወርድ ነበር።

ብሎን ዲስኩን በሹራቡ ጠቅልሎ ወሰደ።

ከዛ በኋላ ሰው ሁሉ የሚጠይቃት «በላሽ ወይ፣ ተኛሽ ወይ» ነው፤ እሷ የምትጠይቀው «ብሎን ምን አለ?» ነው። መጠበቁ ሲያቅታት ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ የጥገና ሱቁ በር ላይ ሄዳ ትቆማለች። ዲስኩ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ፣ እንዳይሞቅ አጠገቡ ማራገቢያ ይነፋለታል። ብሎን ትንሽ ይገለብጣል፣ ያሳርፈዋል፣ ደግሞ ትንሽ ይገለብጣል።

«እትዬ፣ ቆመው ስላዩት እኮ አይፈጥንም።»

«እንግዲያው ተቀምጬ ልየው። ወንበር አምጣ።»

ወንበሩን አመጣላት። ሲቸግረው የፈታውን ብሎን ሰጣትና እጇ ላይ ይዛለት ዋለች።

በመጨረሻ ቤት ድረስ የመጣው እሱ ነው። ለቀስተኛው ሄዶ፣ ጎረቤቶቹ ወንበሮቻቸውን ሊወስዱ በመጡበት ቀን ነው።

«የድሮ ሥራዎቿ ሁሉም ወጥተዋል» አለ።

«የመጨረሻውስ?»

«መጀመሪያው አለ። ስፌቱ በተራ ነው የሚጻፈው፤ እስከ ሆነ ቦታ ድረስ ደህና ነው። ከዛ ወዲያ ያለው ባዶ ነው።»

«እንደገና ሞክረው።»

«ሞከርኩ። ደጋግሜ ሞከርኩ። አሁን ዲስኩ ራሱ ሞ...» ከንፈሩን ነከሰ። «አሁን ጭራሽ አይበራም።»

ጥልፍ ሠሪዋ አንሶላውን ከመኪናው ላይ ገፈፈች። ነጭ ጨርቅ አወጣች፣ መወጠሪያው ላይ ወጠረች፣ እንደ ከበሮ እስኪጮህ ድረስ ሳበችው። «ያለውን ስጠው» አለችው።

ብሎን በፍላሽ ያመጣውን ፋይል ለመኪናው ሰጠ። መኪናው የክር ቁጥር ጠየቀ፤ ግራጫ ነው። አስገባችለት። መርፌዋ መውረድ መውጣት ጀመረች። ሰዎቹ ወንበር እንደያዙ ቆሙ።

መጀመሪያ የወጣው አንድ ረጅም መስመር ነው፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ረገብ ያለ።

«የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው?» አለ ወንድሟ።

መኪናው ቆመ። ጥልፍ ሠሪዋ አለቀ ብላ እጇን ወደ ጨርቁ ሰደደች፤ ግን ሌላ ቁጥር ነበር የጠየቀው፤ ሰማያዊ። አስገባች። ከመስመሩ ሥር ሰፊ ነገር እየወረደ መጣ፤ ወገብ፣ ሁለት እግር፣ ጉልበቱ ላይ ባለ አራት ማዕዘን።

«እንዴ!» አለች ባለ ሱቋ። «ይሄማ የባሌ ሱሪ ነው! ይቺን እራፊ እኔ ነኝ የለጠፍኳት!»

ሁሉም እኩል ወደ መስኮቱ ዞሩ። ማዶ ካለው ፎቅ ላይ፣ ከበረንዳ በረንዳ የተዘረጋው የልብስ ማስጫ ገመድ ንፋስ ያወዛውዘዋል።

መኪናው ይቆማል፣ ክር ይጠይቃል፣ ይቀጥላል። የሾፌሩ ሸሚዝ ወጣ፤ አንድ ቁልፍ የጎደለው። የማይመሳሰሉ ሁለት ካልሲዎች ወጡ። በአንድ መቆንጠጫ ብቻ የተያዘ፣ ሊወድቅ ያለ የሕፃን ቀሚስ ወጣ።

«ካልሲዎቹ የኛ ናቸው» አለች የሾፌሩ ሚስት ፊቷን በመዳፏ ሸፍና። «ጥንድ የለንም። ምን ጉድ ናት! እዚህ ተቀምጣ ገበናችንን ስትቆጥር ነበር ለካ!»

«የሱሪውን ስፋት አያችሁልኝ? ሆዱን እንኳ አልማረችውም!» ባለ ሱቋ እየሳቀች አፍንጫዋን ጠረገች። ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ።

ጥልፍ ሠሪዋ አልሳቀችም። ክር ትቀይራለች፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ቁጥሩ እስኪመጣ ዓይኗ የመኪናው ስክሪን ላይ ይተከላል። አሁን የጠየቀው የፈካ ቢጫ ነው። ሁለት መቆንጠጫ ሠራ። አንገትጌ ሠራ። ትከሻ። እጅጌ ጀመረ።

መኪናው ቆመ። ቁጥር አልጠየቀም።

«እዚህ ጋ ነው» አለ ብሎን።

የሾፌሩ ሚስት ጎንበስ ብላ አየች። «የማን ነው ይሄ? የኔ ቢጫ ሹራብ ይሆን?»

«ያንቺ አንገትጌ አለው እንዴ? የኔ የበፊቱ ቀሚስ ነው» አለች ባለ ሱቋ።

«እታለም» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ፤ «ያንቺ የሥራ ካፖርት አይመስልም? ዝናብ ሲያበሰብሰው እዛ ማዶ ታሰጪው አልነበር?»

ጥልፍ ሠሪዋ ለረጅም ጊዜ አየችው። የሷ ሊሆን ይችላል። የልጅቷ የራሷ ሸሚዝም ሊሆን ይችላል፤ ቢጫ ትወድ ነበር።

«አላውቅም» አለች። ከአፏ እንዲህ በቀላሉ የሚወጣ ቃል አልነበረም።

«ምን ችግር አለው?» አለ ወንድሟ። «በእጅሽ ትጨርሺዋለሽ። አንቺ ከሠራሽው የመኪናው የቱ፣ ያንቺ የቱ እንደሆነ ማንም አይለየውም።»

እውነቱን ነው፤ ማንም አይለየውም። መርፌ አነሣች። ሁሉም ልትጨርሰው ነው ብለው ዙሪያዋን ለቀቁላት፤ ወንድሟ ብርሃን እንዲገባላት መጋረጃውን ሰበሰበ።

ጨርቁን ከመወጠሪያው ፈታችና ገለበጠችው። ከጀርባው የተንጠለጠለውን የቢጫ ክር ጭራ በመርፌዋ ቀዳዳ አስገባች። ከዛ በተሠሩት ስፌቶች ሥር፣ አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ አሾለከችው። እንዳይተረተር ቀስ አድርጋ ሳበችው፤ የተረፈውን በመቀስ ቆረጠች።

የፊቱን አልነካችውም።