የተገለበጠው ጉድጓድ

አለቃችን የጨረቃውን ሥራ የሰጠኝ ሦስት ቀን ጨቅጭቄው ነው። «ከተበላሸ ጀሶ ወደ ማቡካትሽ ትመለሻለሽ» ብሎኛል። አሥር ዓመት አቡክቻለሁ፤ ቅርጽ ማውጣት የጀመርኩት ገና ዓምና ነው። መመለስ አልፈልግም።

ሥራው ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ የሚሰቀል የጨረቃ ገጽ የጀሶ ቅርጽ ነው። የሰጡኝ የጨረቃ ፎቶ ጽሑፍ የለበትም። ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ክብ ጉብታ ነው፤ ጎኑ እንደ ደረጃ የተነባበረ፣ አናቱ ጠፍጣፋ፣ መሃሉ ስርጉድ ያለ። ዙሪያውን ኪንታሮት የመሰሉ እብጠቶች አሉት። በሸክላ ጭቃ አንድም ሳላስቀር ሠራሁት።

ሊሰቀል አንድ ቀን ሲቀረው ከትምህርት ቤቱ አንዲት መምህርት መጣች።

«እማማ፣ ይሄ ምንድነው?»

«እማማሽ ቤት ናት። ይሄ ጨረቃሽ ነው።»

«ጉድጓድ እኮ ነው! ትልቅ ድንጋይ ከሰማይ ወርዶ የቦደሰው። እርስዎ ተራራ ሠሩ።»

«ዓይን አለኝ። ጥላውን እዪው፣ ያበጠ ነው።»

ፎቶውን ነቅላ፣ ላዩን ታች አድርጋ ለጠፈችው። ጥላው ከታች ወደ ላይ ሲዞር፣ ዓይኔ እያየ ተራራው ሰመጠ። መልሼ ገለበጥኩት፤ አበጠ። ለካ ዘቅዝቄው ኖሯል።

አለቃችን ከኋላችን ሳቀ። «አንቺ ግትር፣ የጀሶ ባልዲሽ ይጠብቅሻል።»

እኔ ግን እያሰብኩ ነበር። ያበጠ ነገር ላይ ጀሶ አፍስሰው ሲደርቅ ቢያነሱት፣ ከሥሩ የሚወጣው ጉድጓድ ነው። ሁልጊዜ ቅርጽ አውጥተንበት ሰብረን የምንጥለው ያንን የጀሶ ግልባጭ አይደል?

«ባልዲውን አንተ ያዘው» አልኩት። «አቡካልኝ።»

እያጉረመረመ አቦካ፤ እኔ ጉብታው ላይ አፈሰስኩት። ምሳ ሰዓት ላይ አንስተን ገለበጥነው። ጠርዙ ዙሪያውን ቆሟል፣ ደረጃው ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ ወለሉ ጠፍጣፋ ነው፣ መሃሉ ላይ ጉብታ አለ። ኪንታሮቶቹም ትንንሽ ጉድጓድ ሆነዋል። መምህርቷ ፎቶውን ይዛ ዞረችው።

«ምን ቀረው?» አልኳት።

«ጠርዙን የበሳው ይሄ ትንሹ ጉድጓድ... ቀኝ ነበር፣ እዚህ ግራ ሆኗል።»

ጀሶ ሲገለበጥ ግራና ቀኙ ይለዋወጣል፤ ረስቼው ነበር።

«ሌሎቹን ማንም አይቆጥራቸውም» አለች። «ይሄኛው ግን ስም አለው። ልጆቹ ይፈተኑበታል።»

አለቃችን አፉን ሊከፍት ሲል «ቆይ!» አልኩት። የግራውን በእርጥብ ጀሶ ደፈንኩ፣ ቀኙን በሾርባ ማንኪያ ቦረቦርኩ። «ትንሽ ጠለቅ» አለች መምህርቷ፤ ጠለቅ አደረግኩት።

በማግስቱ ሰቀልነው።

በሳምንቱ አለቃችን ሌላ ፎቶ ሰጠኝ። ጫፉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ስሎበታል። አልተቀየምኩም።