እማማ ሻሼ እየጠበቁ ነው

እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልም። የተወለድኩት እንኳ በስምንት ወሬ ነው። ታክሲ ስጠብቅ እግሬ አያርፍም፣ ወጥ ስሠራ ክዳኑን አሥር ጊዜ እከፍታለሁ፣ ሰው ወሬ ከጀመረልኝ መጨረሻውን ቀድሜ እነግረዋለሁ። ባለቤቴ ፈይሳ ደግሞ የኔ ተቃራኒ ነው። አንድ ነገር ከጠየቁት አስቦ፣ አገላብጦ፣ ደግሞ አስቦ ነው የሚመልሰው። እንዴት እንደተጋባን የሚገርመው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዷ ነኝ።

የምንሠራው አንድ ቦታ ነበር፤ መልካሳ አጠገብ ባለች፣ የዝናብ መዝገብ በምትይዝ ትንሽ ጣቢያ። ፈይሳ ከመቂ እስከ መተሐራ ከተተከሉት የዝናብ መለኪያዎች የሚመጣውን ቁጥር ይሰበስባል፣ እኔ በታይፕ እጽፋለሁ። ጠዋት ከናዝሬት በጣቢያዋ ላንድሮቨር እንሄዳለን፣ አመሻሹ ላይ አቧራ ለብሰን እንመለሳለን። በ1979 ዓ.ም. አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ኮንትራቱ ሲያልቅ ኮምፒዩተሩን ትቶልን ሄደ። ከፈይሳ በቀር ሊነካው የደፈረ አልነበረም። ሌሎቻችን በየጠዋቱ አቧራውን እየጠረግን በአክብሮት እናልፈዋለን።

ፈይሳ የዝናቡን ቁጥር አስገብቶ ሲጨርስ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሌላ ነገር መጻፍ ጀመረ። ጨዋታ ነው። ሥዕል የለውም፤ ጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ብቻ። አንዲት መንኮራኩር ምድርን ትታ ከሄደች ሦስት መቶ ዓመት ሆኗታል። የጫነችው ዘር ነው፤ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ቦሎቄ። ተጫዋቹ አዛዧ ነው። ከረጅም እንቅልፉ ሲነቃ ውሃው ሊያልቅ ደርሷል፣ ከፊቱ አንዲት ቀይ ዓለም ትታየዋለች፣ ዘሩን ከመጋዘኑ አውጥቶ እዚያ መዝራት አለበት። ማድረግ የሚፈልገውን በቃላት ይጽፋል፣ ማሽኑ ደግሞ የሆነውን ይነግረዋል። ማሽኑ የኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛው የሚጻፈው በፈረንጅ ፊደል ነበር።

የመጋዘኑን ቁልፍ የያዙት እማማ ሻሼ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ሌላው ሁሉ ሲተኛ እሳቸው ብቻ ሳይተኙ ሦስት መቶ ዓመት ቆይተዋል። እማማ ሻሼ ሰላምታ ለማይሰጣቸው ሰው መልስ የላቸውም። በአማርኛ ሰላም ቢሏቸውም፣ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ቢሏቸውም ግድ የላቸውም፤ ብቻ መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ከዚያ በተራቸው ይጠይቃሉ። ልጆች ደህና? ከብቱስ? ዝናቡስ? ባለቤትስ ደህና? ለያንዳንዱ «ደህና» ተብሎ ሲመለስላቸው ቁልፉን ይሰጣሉ። ሌላ ነገር የጻፈ ሰው የሚያገኘው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «እማማ ሻሼ እየጠበቁ ነው።»

በዚህ ነገር ተጨቃጭቀን ነበር። ጠፈር ላይ ከብት ከየት መጣ ስለው፣ የሌለውም ይጠየቃል አለኝ። እሺ፣ ዝናቡ ባይዘንብስ? ልጁ ቢታመምስ? ማሽኑ ለምን «ደህና»ን ብቻ ይቀበላል? እንደ ልማዱ ሲያስብ ቆየ፤ እኔ እስከዚያ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

«ዘርፉ» አለኝ፣ «ለሰላምታ ደህና አይደለሁም ብሎ የመለሰ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም። አባቴ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው እንኳ ጠያቂውን ሁሉ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሲል ነበር። ተሸነፍኩና ወደ ታይፔ ተመለስኩ።

በ1981 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቀበሌያችን ለብሔራዊ ውትድርና ሲመዘግብ የፈይሳ ስም ገባ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። የሚተርፍበት አንድ መንገድ አለ፤ «ለሥራው እጅግ አስፈላጊ ስለሆነ ሊለቀቅ አይችልም» የሚል ደብዳቤ። የጣቢያችን ኃላፊ አቶ መሐመድዘይን ደብዳቤውን ራሳቸው አርቅቀው፣ እኔ በሦስት ካርቦን ጽፌው፣ ማኅተሙ አርፎበታል። የቀረው የካድሬው ፊርማ ነው። ዝርዝሩ የሚዘጋው ዓርብ ነው።

ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ካድሬው ሰኞ ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። ማክሰኞ ንጹሑን አንሶላ አውርጄ አጠብኩት። ረቡዕ በመንገዱ ላይ መኪና በተሰማ ቁጥር ወደ መስኮቱ ስሮጥ አቶ መሐመድዘይን ልጄ፣ ወለሉን ጨረስሽው አሉኝ። ፈይሳ የዝናብ ቁጥሩን ያስገባል። አናደደኝ። አንተ ሰውዬ፣ የሚወስዱት እኮ አንተን ነው አልኩት። አውቃለሁ ብሎ የሉሜን ዝናብ በሚሊሜትር መጻፉን ቀጠለ።

ካድሬው ሐሙስ ጠዋት መጣ። ጓድ ኃይለየሱስ ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች ካድሬ ይሆናል ብለው እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ወፍራም፣ ላብ የሚያስቸግረው፣ ካኪ ለባሽ ሰው ነው። አቶ መሐመድዘይን ደብዳቤውን ቢያቀርቡለት አነበበና ክርኑ ሥር አደረገው። በዚህ ጣቢያ በፈረንጅ ፊደል የምሥጢር ጽሑፍ ይጻፋል ተብሎ ተነግሮኛል፣ አስቀድሜ እሱን ልየው አለ። እኔ ወደ ፈይሳ ዘወር አልኩ። ፈይሳ ግን ምንም ሳይመስለው ማሽኑን አስነሳለት፣ ጨዋታ መሆኑን አስረዳው፣ ወንበሩን ለቀቀለት።

ጓድ ኃይለየሱስ በአንድ ጣቱ እየለቀመ መጻፍ ጀመረ። መንኮራኩሯ ውስጥ ነቃ፣ ውሃው ሊያልቅ መድረሱን አየ፣ መጋዘኑ በር ላይ ደረሰ። እማማ ሻሼ በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

በሩን ክፈች ብሎ ጻፈ።

እማማ ሻሼ እየጠበቁ ነው።

ቁልፉን አምጪ ብሎ ጻፈ። እማማ ሻሼ እየጠበቁ ነው። ይህ ትእዛዝ ነው ብሎ ጻፈ። እማማ ሻሼ እየጠበቁ ነው። ስድስት ይሁን ሰባት ጊዜ ሞከረ። መስኮቱ ላይ ቆሞ የሚያየው ዘበኛችን ሳቁ አመለጠውና ሳል አስመሰለው። አቶ መሐመድዘይን ጣራውን ማየት ጀመሩ። የካድሬው ጆሮ ሲቀላ አየሁ። በመጨረሻ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና ተነሣ።

ይሄ የማይረባ ዕቃ ነው፣ ምሥጢርም የለው፣ ጨዋታም አይደለም አለ። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ ሊፈርም ደብዳቤውን ሳበ። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱ ላይ ሊደርስ የቀረው ጣት የማይሞላ ነበር። ፈይሳ አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሏል። እኔም ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እስከ አሥር የሚያስቆጥር እንኳ አልነበረም።

ግን ሰው እፊቴ ሲያፍር ማየት አልችልም። እኛ ቤት እንግዳ ካፈረ ያፈረው ባለቤቱ ነው። እናቴ እንግዳ ብርጭቆ ሲሰብር እሷ ሌላ ብርጭቆ ትጥላለች፣ እሱ ብቻውን እንዳይሆን። ይህ ሰውዬ ደግሞ፣ ምንም ካድሬ ቢሆን፣ በሰው ፊት ተዋርዶ አንገቱ ላይ ላብ ይወርድ ነበር። አፌ ቀደመኝ።

«ጓድ» አልኩ፣ «መጀመሪያ ሰላም ይበሏቸው። ትልቅ ሰው ናቸው።»

ፈይሳ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። እንዲያው አየኝ ብቻ።

ጓድ ኃይለየሱስ ከት ብሎ ሳቀ፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ሰላም እማማ ብሎ ጻፈ። ልጆች ደህና አሉት። ደህና አለ። ከብቱስ ሲሉት አሁንም ሳቀ፣ ደህና አለ። ዝናቡንም ደህና አለ። ባለቤትስ ደህና ሲሉት ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ጥቂት ቆየችና ደህና ብላ ጻፈች። ባለቤቱ ታማ ከተኛች ዓመት እንዳለፋት የሰማሁት በኋላ ነው።

ምሳ ሰዓት አለፈ፣ አልተነሣም። ሾፌሩ ዳቦና ሻይ ሲያመጣለት ሳያይ በላ። ቀዩዋ ዓለም ላይ ሲያርፍ እጁን አጨበጨበ፣ ማሽላውን ሲዘራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከራሱ ጋር ያወራ ነበር፣ የመጀመሪያዋ ቡቃያ ወጣች የሚለውን ሲያነብ ዐይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። ከዚያ ተነሥቶ ፈይሳን ትከሻውን ያዘው።

«ይህን ብቻህን ነው የሠራኸው?»

አዎ አለ ፈይሳ።

«እንዲህ ያለ ጭንቅላት እዚህ ዝናብ ሲቆጥር መቀመጥ የለበትም» አለ ጓድ ኃይለየሱስ። «ሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል የሚፈልገው እንዳንተ ያለውን ነው። እኔ ራሴ እጽፍልሃለሁ።»

ያልተፈረመውን ደብዳቤ አራት አጠፈና ኪሱ ከተተው። በክፋት ቢያደርገው እጠላው ነበር፤ እሱ ግን ውለታ የዋለ መስሎታል። ሁላችንንም እየዞረ ጨበጠን። እኔ ዘንድ ሲደርስ እጄን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነኝ።

ማታ ቤታችን ስንገባ እኔ ነኝ የላክሁህ፣ በገዛ አፌ ነው አልኩት። አለቀስኩ፣ ግድግዳውን በቡጢ መታሁ፣ ተነሣሁ ተቀመጥኩ። ፈይሳ ጫማውን እያወለቀ ሲያስብ ቆየ።

«ሰውየው አፍሮ ነበር» አለ። «እኔም ልነግረው ነበር። ቀደምሽኝ።»

እውነቱን ይሁን እኔን ለማጽናናት እስከ ዛሬ አላውቅም። በሳምንቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ከተሰለፉት የጭነት መኪናዎች በአንዱ ሄደ። ሲሳፈር እንኳ ተራውን ለሌላ ሰው ሲለቅ አየሁት።

ከአሥመራ ሦስት ደብዳቤ መጣልኝ። በሦስተኛው ኪቦርዱን በእርጥብ ጨርቅ እንዳትጠርጊው ብሎ ጽፎ ነበር። ከየካቲት ወዲህ አንድም የለም። አሁን ነሐሴ አልቋል። ከተማው ሁሉ ይጠይቀኛል። ላንድሮቨሩ ውስጥ ፈይሳ ደህና ነው ወይ ይሉኛል፣ ደህና እላለሁ። ቆቃ ያለችው እናቱ ዘንድ በየሁለት ሳምንቱ እሄዳለሁ፤ በሩ ላይ ሆና በኦሮምኛ ልጄ ደህና ነው ወይ ትለኛለች፣ ደህና ነው እላታለሁ፣ ዐይኔን ታየኛለች፣ ወደ ቤት እንገባለን። እንዲህ ያለው ውሸት አፌን አይከብደውም። ሁላችንም የምንኖረው በዚሁ ነው።

የዝናቡን ቁጥር አሁን የማስገባው እኔ ነኝ፤ የፈይሳን እጅ አይቼ ተምሬያለሁ። ዓርብ ዓርብ፣ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ፣ ጨዋታው ያለበትን ዲስክ እከትና እከፍተዋለሁ። ዘሩን አልፈልገውም፣ ቀዩዋ ዓለም ላይም ማረፍ አልፈልግም። መጋዘኑ በር ድረስ ሄጄ ለእማማ ሻሼ ሰላምታ እሰጣለሁ።

ልጆች ደህና ይሉኛል። የሉንም፣ ደህና ብዬ እጽፋለሁ። ከብቱስ፣ ደህና። ዝናቡስ፣ ደህና፤ እሱ እንኳ እውነት ነው፣ ዘንድሮ ከመቂ እስከ መተሐራ ጥሩ ዘንቧል።

ባለቤትስ ደህና ይሉኛል።

አምስት ፊደል መምታት ነው፣ ቁልፉ ይሰጠኛል። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሁሉ የምለው ቃል ነው። ግን እኚህን ሴትዮ የሠራቸው እሱ ነው፤ ለእሳቸው መዋሸት አልሆነልኝም። ዛሬም አላውቅም ብዬ ጻፍኩ።

እማማ ሻሼ እየጠበቁ ነው።

ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብኩና እኔም ከሳቸው ጋር ቁጭ አልኩ።