አትፍሩ

በሳጥኑ ላይ «አትፍሩ» ብላ የጻፈችው የውብዳር ናት፤ ማንም አላዘዛትም። ጅቡቲ ከተማ፣ ጋቦዴ ካለው የአየር ጥናት ጣቢያቸው ጣሪያ እየተነሣ በሰማይ ከፍታ ያለውን የበረዶ ደመና የሚለካው ፊኛ፣ ከፍታው ላይ ሲደርስ ይፈነዳል፤ የመሣሪያው ሳጥን ደግሞ የትም ይወድቃል። ለዚህ ነው በየሳጥኑ ላይ በፈረንሳይኛና በዐረብኛ «አደጋ የለውም፣ ያገኘ ይደውል» ተብሎ ከነስልክ ቁጥሩ የሚለጠፈው። ባሕሩ ዳር የመን ለመሻገር በሚጠብቁ ያገሯ ልጆች የተሞላ ነውና እሷ አማርኛውን ጨመረች። «አደጋ የለውም» የመድኃኒት ብልቃጥ ጽሑፍ መስሎ ስለታያት አሳጠረችው።

«ሰባኪ ወጣሽ በይኛ» አላት ኒዛር እየሳቀ። የሥራ ባልደረባዋ፣ የሐረር ነጋዴ ልጅ ነው፤ ደመናውን ከምድር የሚፈልገው ሌዘር የእሱ ሥራ ነው። ብርሃኑን ወደ ላይ ይልካል፤ ዓይን የማያየው ስስ ደመና ካለ ብርሃኑ ነክቶት ይመለሳል። ያን ጊዜ ኒዛር «መለሰ» ይላል። ሁለቱም ይህን ቃል ይወዱት ነበር።

በ2009 ሐምሌ፣ ነፋሱ ባሕሩን ሲያምሰው በሰነበተበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ሳጥኑን ያገኘነው እኛ ነን» አለ አንድ የወሎ ልጅ። ስሙ ጫላቸው ነው። «ኦቦክ፣ ባሕሩ ዳር ጀልባ ስንጠብቅ ከሰማይ ወረደልን። ማዕበሉን ፈርተን ልንመለስ ነበር። ወንድሜ ታፈሰ ‹አትፍሩ› የሚለውን አነበበልን። ‹ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋላችሁ?› አለና ሁሉም ተሳፈሩ።»

«አንተስ?»

«እኔ ፈሪ ነኝ፣ ቀረሁ። ይኸው ዘጠኝ ቀኑ፣ አልደወለም። ዛሬ ሌላ ጀልባ አለ። እኔም ልሂድ ወይ እትዬ? እናንተ ሂድ ካላችሁኝ እሄዳለሁ።»

የውብዳር ዝም ብትል ይሄዳል። እውነቱን ብትነግረው ደግሞ ወንድሙን በባዶ ቃል መሸኘቱን ያውቃል።

«አትሂድ» አለች። «ጽሑፉ ስለ ሳጥኑ ነው። ሳጥኑን አትፍሩት ለማለት ነው።»

«ስለ እኛ አይደለም?»

«አይደለም።»

«እሺ» አለ በትሕትና። «ታዲያ ሳጥኑን የት ላምጣላችሁ?»

በማግስቱ ለሚቀጥለው ሳጥን የሚለጠፍ ወረቀት አውጥታ ተቀመጠች። ፈረንሳይኛውን ጻፈች፣ ዐረብኛውን ጻፈች፤ ለአማርኛው ግን እጇ አልታዘዝ አላት። ታፈሰን አይታው አታውቅም፤ ሆኖም ሲያነብ ድምፁ ይሰማታል፣ ደስ ብሎት፣ ለሰዉ ሁሉ ጮክ ብሎ።

«መለሰ» አለ ኒዛር ከሌዘሩ ዘንድ።

የውብዳር ያልጮኸውን ስልክ አፈፍ አድርጋ ብድግ አለች።

«ማን?» አለች።