ሙሄዲን የደበቀው ሲንጀር

የደሴው ልብስ ሰፊ ሙሄዲን መንግሥት ሊሰጠው ሲመጣ ነው አብዝቶ የሚፈራው። ትርፍ ቤት የተወረሰ ዓመትም «ለመመዝገብ ብቻ ነው» ተብሎ ነበር፤ በተመዘገበ በወሩ ሁለቱ የኪራይ ክፍሎቹ የቀበሌ ሆኑ።

አሁን ደግሞ የእደ ጥበብ ማኅበር የሚያደራጅ ካድሬ ቧንቧ ውሃ ሰፈር መጥቶ፣ ማሽኑን ያስመዘገበ ልብስ ሰፊ እርዳታ ያገኛል ሲል ሰበከ። ሙሄዲን «ሳሩን አይቼ ገደሉን የምስት በሬ አይደለሁም» ብሎ፣ በማግስቱ ሲንጀር ማሽኑን ተሸክሞ ጎረቤቱ ባይነሽ ጓዳ አስገባው። ባይነሽ ጴንጤ ናት፤ መንገድ ላይ ያገኘችውን ነጠላ ለባለቤቱ ልትመልስ ገራዶ ድረስ በእግሯ የሄደች ሴት። ከእሷ የታመነ ከየት ይመጣል?

ካድሬው ቤት ለቤት ሲመዘግብ እሱም ዘንድ ደረሰ።

«ወላሂ ጓድ፣ እዚህ ቤት አንድም ማሽን የለም» አለው። እውነቱን ነበር።

ካድሬው ወደ ባይነሽ ቤት አለፈ። ጓዳ ሳይቀር አይቶ ሲወጣ ሙሄዲን ሮጦ ገባ።

«ምን አልሽው?»

«የማን ማሽን ነው አለኝ፤ የጋሼ ሙሄዲን ነው አልኩት።»

«ያ ረቢ! ገደልሽኝ እኮ! የኔ ነው ብትይስ?»

«አልዋሽማ፣ ጋሼ! እኔ ዘንድ ያኖሩትስ ታማኝ ናት ብለው አይደል? ደግሞ አይስጉ። ማሽን ላለው ሁለተኛ ይጨመርለታል፤ ሰኞ ያለውን ይዞ ቀበሌ ይምጣ ብሏል።»

«ይዞ?»

«አዎ፣ ይዞ።»

ሙሄዲን ጓዳ ገብቶ ሲንጀሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«አንቺ እንደማትዋሺስ አየሁ» አላት። «እነሱስ?»